ባቄላ፣ ኩበትና ዩሪያ

ሰኔ አጋማሽ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ። ማሳው ታርሶ ለስልሷል፤ በሬዎቹ ተጠምደው ይጠብቃሉ፤ ዘሩ ግን ገና ከቤት ደጃፍ አልራቀም። በጥላው በኩል ሸራ ተነጥፎ የባቄላ ዘር ተዘርግፎበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ በጆግ ውሃ ስኳር በጥብጣ ዘሩ ላይ አርከፈከፈች። ከዚያ አንዲት ከረጢት ቀድዳ ጥቁር ዱቄት ነሰነሰችበትና በሁለት እጇ ታሸው ጀመር። የማሳው ባለቤት ከዘራቸውን ተደግፈው ራቅ ብለው ያያሉ።

«ልጄ፣ ይቺ አመድ ናት ዩሪያን ታስቀራለች ያላችሁን?»

«አመድ አይደለም አባባ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ካገኘው ይሞትብናል። ቶሎ ይዝሩትና አፈር ያልብሱት።»

ስኳሩ ዱቄቱ ዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ነው። ዱቄቱ ደግሞ ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ የሚኖርበት ማደሪያ ነው። ባለሙያዎቹ ህያው ማዳበሪያ ይሉታል። ከረጢቷ 125 ግራም ስትሆን ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ትበቃለች። ዋጋዋም ከዩሪያ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሆለታ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ለዓመታት የደከሙበት፣ መናገሻ ባዮቴክ የተባለው የግል ድርጅትም እያመረተ ለገበያ የሚያቀርበው ነገር ነው። የባቄላው ለሽምብራ፣ የሽምብራው ለአኩሪ አተር አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሰብል የሚስማማውን ባክቴሪያ ይመርጣል።

የአዛውንቱ ጥያቄ ግን በከረጢቷ ብቻ አይመለስም። ዩሪያን በአንድ ሌሊት እንተካለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያለ ዩሪያ መብላት አይቻልም ብለው በሩን የሚዘጉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ወደ አንድ አርሶ አደር ቤት ገብተው ቢቆጥሩ አንድ ነገር ይታያቸው ነበር። ለማሳው ናይትሮጅን ሊሰጡ የሚችሉት እበቱም፣ ገለባውም፣ መሬቱም፣ ጉልበቱም በዚያ ቤት ውስጥ አስቀድመው ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። እበቱ ማገዶ ነው፤ ገለባው የበሬ ቀለብ ነው፤ መሬቱ የጤፍና የስንዴ ነው። እንግዲህ ስለ ማዳበሪያ አማራጭ ማውራት ስለ ማገዶና ስለ ቀለብ ማውራት ነው።

* * *

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ስንዴው በዚህ ሁሉ ናይትሮጅን ተከብቦ በናይትሮጅን እጦት ቢጫ ይሆናል፤ ምክንያቱም በአየር ላይ ያሉት ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርሳቸው በሦስት እጥፍ ማሰሪያ ተቆላልፈዋል። ያንን ማሰሪያ ፈትቶ ለተክል የሚመች አሞኒያ ማድረግ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ አሳካው፤ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. ኦፓው ላይ ወደ ፋብሪካ አወጣው። ዘዴው እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣ ሃይድሮጅን ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና የከባቢ አየርን ግፊት ከመቶ ጊዜ በላይ በሚበልጥ ግፊት ከናይትሮጅን ጋር ይዋሐዳል። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ገደማው የሚበላው እህል በዚህ መንገድ የመጣ ናይትሮጅን ያረፈበት እንደሆነ ይገመታል። ይህን ሳያነሱ ስለ ዩሪያ ክፋት ብቻ መጻፍ ለአንባቢ ማድላት አይደለም።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ እኛ አገር በስፋት የገባው በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የልማት ፕሮጀክት በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ ማዳበሪያን፣ የተሻሻለ ዘርንና ብድርን በአንድ ጥቅል ለገበሬው አቀረበ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም ያንኑ ሐሳብ በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች አደሰው፤ መንግሥትም ተቀብሎ የኤክስቴንሽኑ ምሰሶ አደረገው። ለረጅም ጊዜ ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፦ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ቆላ ይሁን ደጋ፣ ቀይ አፈር ይሁን ዋልካ ልዩነት አልነበረውም። ዩሪያ 46 በመቶ፣ ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን ነውና ሲደመር 64 ኪሎ ይሆናል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ከጊዜ በኋላ የአፈር ካርታ ተሠርቶ ዳፕ ኤንፒኤስ በተባለ ማዳበሪያ ቢተካም ገበሬው ዛሬም ድረስ «ዳፕና ዩሪያ» ነው የሚለው።

ዕቃው ግን የኛ አይደለም። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡርና በከባድ መኪና፣ ከዚያ በአህያ። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ ከ250 ዶላር በታች የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ሰሞን፣ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ.፣ ከ900 ዶላር አለፈ። በዓመቱ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ገንዘብ ይዘው ዕቃ ያጡ ነበሩ። የመንግሥት መልስ ፋብሪካ ነው፦ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ ይመጣል። የውጭ ምንዛሪውን ጭንቀት ያቃልል ይሆናል፤ ዩሪያው አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ የሚያደርገውን ግን አይለውጠውም።

አፈር ላይ ሲወድቅ ምን ያደርጋል? ከተበተነው ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ግማሹ እንኳ ሰብሉ ጋ አይደርስም። ሳይሸፈን ከቀረ በእርጥበት ተሟሙቶ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ዝናብ ሲበረታ ናይትሬት ሆኖ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ወደ ምንጭና ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ውሃ የተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለውጡታል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 ጊዜ ያህል የከፋ ሙቀት አማቂ ነው። ከሁሉ በላይ ደገኛው የሚያውቀው ጉዳት ግን አሲድ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ በአፈር አሲዳማነት የተጎዳ ነው ይባላል። ዋናው ምክንያት በዘመናት ዝናብ መታጠቡና ሰብሉም ገለባውም ተጠራርጎ መወሰዱ ነው፤ ዩሪያና ዳፕ ደግሞ በላዩ ላይ ያባብሱታል። እንዲህ ያለ መሬት ገብስም አይዝ፣ ባቄላም አይዝ። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ኖራ ከደጀን ወይም ከጉደር አጓጉዞ፣ ፈጭቶ፣ በትኖ፣ አርሶ መቀላቀል ነው። ማዳበሪያ ለመግዛት የተበደረ ሰው ማዳበሪያው የሚሠራበትን አፈር ለማዳን ሁለተኛ ወጪ ይጠብቀዋል።

* * *

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ባቄላው ነጭና ጥቁር አበባውን ሲከፍት፣ የሰኔው ሥራ ይመረመራል። ተክሉን በእጅ ነቅሎ ማየት አይጠቅምም፤ ሥሩ እየተበጠሰ ዋናው ነገር መሬት ውስጥ ይቀራል። በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነጓሉ ማንሳት፣ አፈሩን በባልዲ ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ ነው። ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ እባጮች ተጣብቀው ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ነው ፈተናው። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም ባክቴሪያው ሰነፍ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷል። ቀይ የሚያደርገው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ነው። ሥራውም ኦክስጅንን እየመጠነ ማሳለፍ ነው፤ ናይትሮጅኑን የሚፈታው ኢንዛይም ኦክስጅን ከበዛበት ይበላሻልና። የፋብሪካውን እሳትና ግፊት የሚተካው ሁሉ በዚያች እባጭ ውስጥ፣ በክረምት ብርድ፣ ያለ ጭስ ይካሄዳል።

ነጻ ግን አይደለም። ባክቴሪያው የሚበላውን ስኳር ባቄላው ከቅጠሉ ይልክለታል፤ ለሥራው ኃይል ደግሞ ብዙ ፎስፎረስ ያስፈልጋል። ፎስፎረስ በሌለው አፈር ላይ ህያው ማዳበሪያ መቀባት ዘር አጥቁሮ መዝራት ብቻ ነው። ስለዚህ ከረጢቷ ስትመጣ ፎስፎረስ ያለው ማዳበሪያ አብሮ ሊገባ ይገባል። የሚቀረው ዩሪያው ነው።

ቁጥሩን ከአርሲ እናምጣ። በቁሉምሳ፣ በበቆጂና በአሳሳ የተደረገ ጥናት ባቄላ በሄክታር ከ139 እስከ 210 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ማሰር እንደሚችል አሳይቷል። አስቀድመን ከያዝነው ከ64 ኪሎው ጋር ሲተያይ ጉድ ያሰኛል፤ ከእጥፍ በላይ ነው። ችግሩ ባቄላው ያሰረውን አብዛኛውን ናይትሮጅን በፍሬው ይዞ መውጣቱ ነው፤ ፕሮቲን ማለት ናይትሮጅን ነውና። ለመሬቱ የተረፈው በዚሁ ጥናት ከ12 እስከ 58 ኪሎ ነበር። ስንዴ በስንዴ ላይ የተዘራበት መሬት ግን በየዓመቱ ይከስራል። ከባቄላ በኋላ የሚዘራ ስንዴ የተሻለ ምርት ይሰጣል፤ ይህን ከተመራማሪው በፊት ገበሬው ያውቀዋል። በሸዋም በጎጃምም የባቄላ ወይም የአተር መሬት ተመርጦ ነው ለስንዴና ለጤፍ የሚታረሰው። ጥናቱ የጨመረለት መጠኑን ነው።

በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኤንቱአፍሪካ የተባለ ፕሮጀክት በ2014 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሁለተኛ ምዕራፉ ኢትዮጵያን ከዋና አገሮቹ አንዷ አድርጎ ባክቴሪያውን ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለቦሎቄና ለአኩሪ አተር አሠራጭቷል። ውጤቱ ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ይህንንም ማድበስበስ አያስፈልግም። አኩሪ አተር ለአፈራችን እንግዳ ስለሆነ የሚስማማውን ባክቴሪያ ሲያገኝ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ባቄላ ግን ከጥንት የኖረብን ሰብል ነው፤ አፈሩ ውስጥ የራሱ ባክቴሪያ ሞልቶታል። የከረጢቷ ዘር ከነባሩ ጋር ተጋፍቶ ካላሸነፈ ገበሬው ልዩነት አያይም፤ ልዩነት ያላየ ገበሬ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይገዛም።

ከዚህ የሚብስ ግን አለ። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ሰሜን ሸዋን፣ ወሎንና ሌላውንም ደጋ ያስጨነቀው የባቄላ በሽታ፣ አካባቢው ቆርምድ የሚለው፣ ቅጠሉን አሳብጦና አጨማድዶ ማሳ ሙሉ ባቄላ ያጠፋል። ቆርምድ የገባበት ቀበሌ ባቄላ መዝራት ያቆማል፤ ባቄላ የተወ ገበሬ ደግሞ ስንዴን በስንዴ ላይ፣ ገብስን በገብስ ላይ ይዘራል፤ ከዚያ ዩሪያ ይጨምራል። ለባቄላ በሽታ የሚሠራ ተመራማሪ በየትኛውም ሰነድ ላይ የማዳበሪያ ሠራተኛ ተብሎ አይመዘገብም። በእኔ ግምት ግን በዚያ ደጋ ላይ ዩሪያን ለመቀነስ ከሚሠሩት ሁሉ የሱ ሥራ ይበልጣል።

* * *

ደብረ ብርሃን ገበያ በማለዳ የደረሰ ሰው በሴቶች ጀርባና በአህያ ተጭኖ የሚገባውን ኩበት ያያል። ክብ ክብ ሆኖ ተጠፍጥፎ፣ በበጋው ፀሐይ ደርቆ፣ ተደርድሮ። ደጋው ዛፍ የለውም፤ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ተቆርጦ ለቤት ሥራና ለገንዘብ ይሄዳል። እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከሞላ ጎደል ከጭሱ ጋር ይሄዳል።

በድፍን ስሌት አንድ ቶን ደረቅ እበት 15 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለው። ሦስት ቶን ኩበት ያነደደ ቤት አንድ ኩንታል ዩሪያ አነደደ ማለት ነው። በዚያው ገበያ ኩበቱን የሸጠችው ሴት ከገንዘቡ ከፊሉን ቤቱ ለወሰደው የማዳበሪያ ዕዳ ብታውለው ናይትሮጅኑ ተሽጦ ናይትሮጅን ተገዛ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው ከጓሮ፣ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። እሷን ግን መውቀስ አይቻልም። ማገዶ ዛሬ ማታ ነው የሚያስፈልገው፤ ናይትሮጅኑ ለከርሞ።

አገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት እንዳላት ይነገራል፤ በአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ስለ ሽንቱ ግን የሚያነሳ የለም። ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንት ነው የሚወጣው። በረቱ ወለሉ አፈር ከሆነ ሰርጎ ይጠፋል፤ ገለባ ከተነጠፈበት ግን ገለባው ይመጠውና ብስባሹ ውስጥ ይገባል። ርካሽ ነገር ነው፤ ግን ገለባው የበሬው ቀለብ ነው ብያለሁ።

ብስባሽ በስፋት የተሞከረበት ትግራይ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1996 እ.ኤ.አ. በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ስም ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ ሸለቆ ማልማትን፣ እርከንንና ብስባሽን ያጣመረ ነበር። የገበሬዎቹ ማሳ ምርት ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. እየተለካ ሲመዘገብ ብስባሽ የገባበት መሬት ምንም ካልገባበት በብዙ ይበልጥ ነበር፤ በብዙ ሰብሎች ላይም ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ ከገባበት ጋር ይስተካከል ወይም ይበልጥ ነበር። ተወልደብርሃን በ2000 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2015 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ለዚህ ሐሳብ ተሟግተዋል። ልኬቱ የተወሰደው ገበሬው በመረጠው ማሳ ላይ እንጂ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ በተያዘበት የሙከራ ጣቢያ ላይ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ድካሙም ጥንካሬውም ነው። ድርቅ ባለበት ዓመት ዩሪያ ሰብሉን ሲያቃጥል ብስባሽ እርጥበት ይይዛል፤ ትግራይ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክብደቱን ግን እንየው። ጥሩ ብስባሽ ከመቶው አንድ እጁ ናይትሮጅን ነው እንበል። 50 ኪሎ ናይትሮጅን ለማግኘት 5 ቶን ብስባሽ ይጠይቃል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን መቶ ምልልስ ነው። ለዚያው ያህል ናይትሮጅን ዩሪያው ሁለት ጭነት ከትንሽ ተጨማሪ ጋር ይበቃዋል። ያውም ብስባሹ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከያዘው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ለሚቀጥሉት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ብስባሽ ከቤት አጠገብ ካለው ማሳ አልፎ ሩቅ አይሄድም፤ ጓሮው ለምቶ የሩቁ መሬት የሚራበው በዚህ ነው። የቅርብ ዓመታት የቀይ ትል ዘመቻ፣ ማለትም ቨርሚ ኮምፖስት፣ ዝግጅቱን ያፋጥናል፤ ጥራቱንም ያሻሽላል። አህያዋን ግን አያሳርፋትም።

ታዲያ እሳቱንም ማዳበሪያውንም ከአንድ እበት ማግኘት አይቻልም? ይቻላል፤ ባዮጋዝ ይባላል። እበቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ወጥ ያበስላል፤ ናይትሮጅኑ ግን ጋዙ ውስጥ ሳይገባ በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል፤ እሱም ወደ ማሳ ይሄዳል። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በብዙ ሺህ ቤቶች ጓሮ ተክሎታል። እንዳሰብነው ያልሄደበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ውሃ መቅዳት አለ፣ ቢያንስ አራት ከብት ማሰር አለ፣ የተሰበረ ቧንቧ የሚጠግን ባለሙያ መጥፋት አለ። አንዱ ምክንያት ግን ከሁሉ ያሳዝነኛል፦ መብላላቱ ሙቀት ይፈልጋል። ኩበት አብዝቶ የሚነድበት ያ ብርዳም ደጋ፣ ባዮጋዝ የሚዘገይበትም እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬ የማዳበሪያ ፖሊሲ ነው ቢባል የሚስቅ ይኖራል፤ እኔ አልስቅም።

* * *

ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ የሚሄድ ሰው በጤፍ ማሳ መካከል ተነጥለው የቆሙ ግራሮችን ያያል። ከነሱ አንዱ ኦሮሞው ገርቢ፣ የትግራይ ሰው ሞሞና የሚለው ዓይነት ነው። ጠባዩ እንግዳ ነው፤ ሌላው ዛፍ ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያረግፋል፣ በጋ ሲመጣ ያበቅላል። በክረምት ጥላ አይጥልም፤ ያረገፈው ቅጠል ለጤፉ ማዳበሪያ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ፍሬው ለፍየልና ለከብት ቀለብ ነው። ሥሩ ላይ እንደ ባቄላ ናይትሮጅን የሚያስሩ ባክቴሪያዎች አሉት። ሐረርጌ ውስጥም በማሽላና በበቆሎ መካከል ቆሞ ኖሯል። ድክመቱ አንድ ነው፤ ለዚህ ጥቅም እስኪበቃ ዓመታት ያስጠብቃል። መሬቱ የኔ ነው ወይ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ዛፍ አይጠብቅም።

አማራጭ ሁሉ እንዲህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህን በመዘንጋት ሩቅ አገር ላይ የተሠራውን ስህተት ማንሳት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የስሪላንካው ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ በ2021 እ.ኤ.አ. ፀደይ ላይ የፋብሪካ ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ውሳኔ አገዱ። አማራጩ ግን አልተዘጋጀም ነበር። ሩዙም ሻዩም ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እገዳው መነሳት ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት እሳቸውም ከሥልጣን ተነሱ። የወደቁት በማዳበሪያ ብቻ ባይሆንም፣ ናይትሮጅን በአዋጅ ከአፈር እንደማይበቅል አሳይተዋል።

ዩሪያውን ሳያስቀሩ ጉዳቱን መቀነስም መንገድ ነው። ከፍሎ መስጠት፣ ማለትም ሲዘራ ከፊሉን፣ ስንዴው ሲንጋጋ ቀሪውን፤ ከተበተነ በኋላ በአፈር መሸፈን፤ ዋልካውን አጠንፍፎ መዝራት። አዲስ ነገር የለውም፤ በየማሠልጠኛው ይነገራል። ቀሪው ሐሳብ አሞኒያውን ያለ ጋዝ መሥራት ነው። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅኑን ማውጣት ይቻላል፤ ለናይል ልጆች ይህ ሩቅ ተረት አይደለም። አስዋን ላይ ያለው የኪማ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ለአሥርት ዓመታት በግድብ ኤሌክትሪክ ማዳበሪያ ሲሠራ ኖሮ በቅርቡ ነው ወደ ጋዝ የዞረው። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አቅራቢያ አንድ እርሻ በፀሐይ ኃይል በቀን አንድ ቶን ገደማ አሞኒያ የሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ ተክሏል። የሕዳሴው ግድብ ኃይል አንድ ቀን ለዚህ ይውል እንደሆነ ስሌቱ የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው፤ ለጊዜው ጎዴ የተመረጠው በጋዝ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚቀርበው አማራጭ ግን መሬት የማይሻማው ነው። በአደአ፣ በምንጃርና በጎንደር ዙሪያ ሜዳዎች ዋልካ ላይ ገበሬው መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል፣ ሽምብራ ይዘራል። ጥቁሩ አፈር የቋጠረውን ውሃ እየጠጣ ያለ ዝናብ ያድጋል፤ ጥርና የካቲት ላይ ይደርሳል። ክረምቱ የሚያስተኛውን ውሃ ቀድሞ ያጠነፈፈ ሰው ደግሞ በዚያው መሬት ላይ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ስንዴ አንስቶ ሽምብራውን ይደርባል። ሁለት ሰብል፣ አንድ መሬት፣ አንደኛው የራሱን ናይትሮጅን ይዞ የመጣ። ከቢሾፍቱ ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ አረርቲ ያሉ ዝርያዎች ምርቱን ከፍ አድርገውታል፤ የውጭ ገበያም አለው።

አዝመራው ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ሽምብራ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በእጅ እየተነቀለ ነው። ገለባው ለከብት፣ ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፤ ሥሩም የቻለውን ያህል እባጭ ይዞ ከማሳው ይወጣና ውድማ ላይ ይቀራል። በማጭድ ቢታጨድ ሥሩ ለመሬቱ በቀረ፤ ተክሉ ግን አጭር ነው፣ ማጭዱ የታችኛውን ፍሬ ያራግፋል፣ በዚያ ሐሩር ጎንበስ ብሎ ማጨድም ከመንቀል ይብሳል። በኮምባይን የሚታጨድ ከፍ ያለ ዝርያ ማውጣት ተጀምሯል፤ ኮምባይኑ ግን የጥማድ መሬት ውስጥ መዞሪያ አያገኝም።